ሜታል ዲቴክተር ምን ይነግረናል? ምንስ ይሰውርብናል?

የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሁለት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ወደ ቢሯችን መጡ። አንደኛው ከጃኬቱ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛችን ላይ አኖረ። ስንፈታው ሦስት ነገሮች አገኘን፤ አንድ የዛገ ምስማር፣ አንድ የቆርቆሮ ቁራጭና አንድ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ የጥይት ቀለሃ። ተማሪዎቹ በዕረፍት ጊዜያቸው ከአንድ ዘመዳቸው ሜታል ዲቴክተር ተውሰው በትውልድ ቀበሌያቸው አቅራቢያ ወደሚገኝ አምባ ወጥተው ነበር። አምባው በአካባቢው ሽማግሌዎች ዘንድ የድሮ ጦር የሰፈረበት እየተባለ ይነገራል።

«ዶክተር፣ ይኼኛው ቀጭን ድምፅ ነው የሰጠን» አለ አንደኛው ቀለሃውን እያሳየ። «ወርቅ መስሎን ነበር።»

እኛም ሁለት ጥያቄ አቀረብንላቸው። የመጀመሪያው «ቀጭን ድምፅ የወርቅ ነው ያላችሁ ማን ነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ይህ ቀለሃ ከአምባው በየትኛው በኩል፣ ከምን ያህል ጥልቀት ወጣ? ከምስማሩስ ምን ያህል ይርቅ ነበር?» የሚል ነበር። ለመጀመሪያው መልስ አላጡም፤ መሣሪያውን ያዋሳቸው ዘመዳቸው ነግሯቸዋል። ለሁለተኛው ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ሁለቱ ጥያቄዎች የተራራቁ ቢመስሉም የሚያገናኛቸው አንድ ሐሳብ አለ። ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ የልኬት ውጤት እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ልኬት ደግሞ የተወሰደበት ቦታ ካልተመዘገበ ዋጋውን ያጣል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፣ ቀጥሎም በጥንታዊ ሥፍራዎች ላይ ሲሠራበት ምን ዓይነት እውቀት እንደሚያስገኝና እንደሚያጠፋ እንመለከታለን።

አስቀድመን ስለ አንድ ቃል እንግባባ። በቋንቋችን «ብረት» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ለማንኛውም ሜታል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለሚዝገውና ማግኔት ለሚስበው ለአንዱ ዓይነት ብቻ ያገለግላል። በዚህ ጽሑፍ «ብረት» ስንል ሁለተኛውን ብቻ ማለታችን ነው፤ ወርቅን፣ ብርን፣ መዳብንና ሌሎቹን ሁሉ ጨምረን ስንጠራ «ሜታል» እንላለን።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰዎች መሣሪያው የተቀበረውን ነገር ድምፅ የሚያዳምጥ ይመስላቸዋል። የብር ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ እንደሚያቃጭል ሁሉ ከምድር በታችም አቃጭሎ የሚሰማ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የተቀበረ ሳንቲም ድምፅ የለውም። በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው ቃና መሣሪያው ራሱ የሚፈጥረው ነው።

በአብዛኞቹ ዘመናዊ መሣሪያዎች ጫፍ ላይ ባለው ክብ ሰሌዳ ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉ። በአንደኛው ውስጥ አቅጣጫውን በፍጥነት የሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፤ ለምሳሌ በ10 ኪሎሄርዝ የሚሠራ መሣሪያ ከሆነ በአንድ ሰኮንድ 10,000 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ ጅረት በዙሪያውና ከሥሩ ባለው ምድር ውስጥ አብሮት የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳረጋገጠው፣ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ በአቅራቢያው ባለ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ውስጥ ጅረት ያስነሣል። ስለዚህ በምድር ውስጥ ሳንቲም ካለ በሳንቲሙ ውስጥ እንደ ወንዝ አዙሪት የሚሽከረከር ጅረት ይነሣል፤ ኤዲ ከረንት የሚባለውም ይኸው ነው። አዙሪቱ በተራው የራሱን ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ሁለተኛው ጥቅልል፣ ማለትም ተቀባዩ፣ ይህን ደካማ መስክ ይይዛል። ሁለቱ ጥቅልሎች የሚቀመጡት አስተላላፊው በተቀባዩ ላይ በቀጥታ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እንዲጣፋ ተደርጎ ነው፤ በመሆኑም ሜታል በሌለበት ተቀባዩ ዝም ይላል።

እስካሁን ያልነው ሜታል መኖሩን ለማወቅ ይበቃል። ዓይነቱን ለመገመት ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ እርሱም መዘግየት ነው። በሠርግ ላይ አውራጁ ስንኙን ሲያወርድ ተቀባዩ ሕዝብ ጥቂት ቆይቶ እንደሚቀበል ሁሉ፣ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው አዙሪትም መስኩን የሚከተለው ዘግይቶ ነው። ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ፣ ሰፊና ወፍራም የሆነ ነገር አንዴ የተነሣው አዙሪት ቶሎ ስለማይሞትበት ብዙ ይዘገያል። ቀጭን፣ ትንሽ ወይም ደካማ አስተላላፊ የሆነ ነገር ግን ጥቂት ብቻ ይዘገያል። በፊዚክስ ቋንቋ፣ ወሳኙ የነገሩ ኢንዳክታንስ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል የሚገኘው ጊዜ ነው። ልዩነቱ ከዜሮ እስከ ሩብ ዑደት ይደርሳል። በ10 ኪሎሄርዝ ሩብ ዑደት ማለት 25 ሚሊዮንኛ ሰኮንድ ነው። መሣሪያው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ያለውን ልዩነት ይለካና ውጤቱን ወደ ቃና ይለውጠዋል፤ ጥቂት ለዘገየው ወፍራም ወይም መካከለኛ፣ ብዙ ለዘገየው ቀጭን ድምፅ ይሰጣል።

ብረት ለብቻው የሚታይ ጠባይ አለው። አዙሪት ከመፍጠሩም በላይ ራሱ ማግኔት ይሆናል፤ መስኩን ወደ ራሱ ይስባል። ይህ ምላሽ ከአዙሪቱ ምላሽ ጋር ተቃራኒ ስለሆነ መሣሪያው ብረትን ከሌሎቹ ለይቶ በጣም ጎርናና ድምፅ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የትኛው መዘግየት ምን ዓይነት ቃና ይሰጠው የሚለውን የሚወስነው ተፈጥሮ ሳይሆን መሣሪያውን የሠራው መሐንዲስ ነው። በአንዱ መሣሪያ ቀጭን የሆነው በሌላው መካከለኛ ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎቹም ተጠቃሚው እንደፈለገ ያስተካክለዋል።

ወርቅ፣ ጠገራ ብርና ቆርኪ

አሁን ወደ ተማሪዎቻችን ወርቅ እንመለስ። ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ ብር አንደኛ፣ መዳብ ሁለተኛ፣ ወርቅ ሦስተኛ፣ አልሙኒየም አራተኛ ነው። ከዚህ ተነሥተን ወርቅ ከአልሙኒየም የቀጠነ ድምፅ ይሰጣል ብንል የተሳሳትን አይመስልም። ሆኖም መሣሪያው የሚለካው የሜታሉን ባሕርይ ብቻ ሳይሆን የዕቃውንም መጠንና ቅርጽ ነው።

አያቶቻችን የሚገበያዩበትን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር እንውሰድ። ክብደቱ 28 ግራም፣ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን 83 በመቶው ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ሰፊ፣ ወፍራምና ጥሩ አስተላላፊ በመሆኑ እጅግ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። በአንጻሩ የአክሱም ነገሥታት ካስመቷቸው የወርቅ ሳንቲሞች ብዙዎቹ ከ2 ግራም የሚያንሱና ስፋታቸው 2 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ስስ ነገሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ሳንቲም የሚሰጠው ቃና በመካከለኛው ረድፍ፣ ከተጣለ የአልሙኒየም ወረቀት ጋር የሚያደናግር ሊሆን ይችላል። አንድ ክንድ የማይሞላ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ቢቀበር ደግሞ እንደ ጠገራው ቀጭን ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ዋጋ በድምፅ ውስጥ የለም፤ ያለው ኢንዳክታንስና ሬዚስታንስ ብቻ ነው።

ብረትም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ከስስ ብረት የተሠራ ቢሆንም ጠፍጣፋና ክብ ስለሆነ ጠንካራ አዙሪት ይፈጠርበታል፤ የአዙሪቱ ምላሽ የማግኔትነቱን ምላሽ ሲሸፍነው መሣሪያው ሳንቲም ያገኘ ይመስለዋል። ትልልቅ የብረት ዕቃዎችም፣ ለምሳሌ የማረሻ ስባሪ፣ በቀጭን ድምፅ ያታልላሉ።

የቅርጽን ኃይል በቤተ ሙከራ ማየት ለሚፈልግ ቀላል ሙከራ አለ። ከአንድ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ሁለት እኩል ቀለበቶች ይሠሩ፤ የአንደኛው ጫፎች በብየዳ ይገናኙ፣ የሌላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍት ይቅሩ። ሜታሉ ያው፣ ክብደቱ ያው ነው። ዝጉ ቀለበት ጠንካራ ቀጭን ድምፅ ሲሰጥ ክፍቱ ግን ደካማና የተለየ ምላሽ ይሰጣል፤ አዙሪቱ ክቡን ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ተቋርጦበታልና።

ቤል ያዳመጠው ድምፅ

ድምፅን ያለ ቦታና ያለ አካባቢ ማዳመጥ ምን እንደሚያስከትል የዚህ መሣሪያ የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ በጥይት ተመቱ። ሐኪሞቹ በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ማግኘት አልቻሉም። ኤክስሬይ ገና አልተገኘም። የስልክ ፈጣሪው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ከጥቂት ዓመታት በፊት ዴቪድ ሂዩዝ ከሠራው የኢንዳክሽን ሚዛን ጋር የራሱን የስልክ ማዳመጫ አገናኝቶ ጥይቱን በድምፅ ለመፈለግ ተነሣ። መሣሪያው ከቀድሞ ጦርነት የቀረ ጥይት በሰውነታቸው ባለ ወታደሮች ላይ ተሞክሮ ሠርቷል። በፕሬዚዳንቱ አልጋ ዘንድ ግን የተሰማው ድምፅ ግራ የሚያጋባ ነበር። ለካስ ፍራሹ የብረት ሞላ ነበረበት። ከዚህም በላይ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው ስላመኑ ፍለጋው በዚያው ወገን ብቻ እንዲወሰን አደረጉ። ጋርፊልድ በሴፕቴምበር 19 አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቱ ከአከርካሪው በስተግራ ተገኘ።

ፊዚክሱ ትክክል ነበር። የጎደለው ድምፁ የተሰማበትን አካባቢ ማወቅና የት መፈለግ እንደሚገባ በነፃነት መጠየቅ ነበር።

በጥንታዊ ሥፍራ ላይ

ሰው ለረጅም ጊዜ የኖረበት ቦታ ለመሣሪያው አስቸጋሪ ነው። የፈረሰ ቤት ምስማሩን፣ ማጠፊያውንና መቀርቀሪያውን በምድር ላይ በትኖ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ጎርናናው የብረት ድምፅ አያቋርጥም። ከምስማር አጠገብ ያለ ሳንቲም ቢኖር የሁለቱ ምላሽ ተደባልቆ አንዱ ሌላውን ይጋርደዋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች አነስተኛ ክብ ሰሌዳ ይመርጣሉ፣ በዝግታ ይሄዳሉ፣ አንዴ የሰሙትንም ድምፅ በቀጥታ አያምኑም። ቆም ብለው ዘጠና ዲግሪ ዞረው በሌላ አቅጣጫ ያሳልፉታል። ክብ ነገር ከሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ቃና ሲሰጥ፣ ረጅም ምስማር ግን አቅጣጫው ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል ወይም ይጠፋል።

ጥልቀት ሌላው ፈተና ነው። ከክቡ ሰሌዳ ስፋት አንጻር ራቅ ብሎ ለተቀበረ ትንሽ ነገር፣ መስኩ ወደ ታች ሲወርድ በርቀቱ ሦስተኛ ኃይል ይዳከማል፤ መልሱም ወደ ላይ ሲመጣ እንዲሁ። በአጠቃላይ ምልክቱ በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል ይቀንሳል ማለት ነው። ጥልቀቱ እጥፍ ቢሆን ምልክቱ ከ64 አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። የአንድ ሳንቲም ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከ20 ወይም ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ምድሩ ራሱም ዝም አይልም። እንደ ደጋው አገራችን ከባዛልት ድንጋይ የተፈጠረ አፈር ማግኔታይትን የመሰሉ የብረት ማዕድናትን ስለሚይዝ የራሱን ምላሽ ይሰጣል፤ መሣሪያው በየቦታው ከአፈሩ ጋር ካልተስተካከለ ምድሩ ሁሉ ብረት ይመስለዋል።

እንግዲህ አንድ ሰው በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ፣ ከሁለት አቅጣጫ የማይለዋወጥ ጥሩ ቃና ሰማ እንበል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር ከፊዚክስ ይልቅ የኅሊና ጉዳይ ነው። ሁለት እውነተኛ ታሪኮችን እናነጻጽር።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1992 በእንግሊዝ አገር ሆክስን በምትባል መንደር ኤሪክ ሎውስ የተባለ ሰው ለወዳጁ የጠፋበትን መዶሻ ሊፈልግለት ሜታል ዲቴክተሩን ይዞ ወደ እርሻው ወጣ። መዶሻውን ሲፈልግ የሮማውያን ዘመን የወርቅና የብር ሳንቲሞችን አገኘ። ጥቂቱን እንዳየ ቁፋሮውን አቁሞ ለሚመለከታቸው አካላት አስታወቀ። በማግሥቱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች መጥተው በሥርዓት ቆፈሩ። 14,865 ሳንቲሞችና ብዙ የወርቅና የብር ዕቃዎች ወጡ። የእያንዳንዱ ዕቃ አቀማመጥ በመመዝገቡ ሀብቱ በእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ በውስጡም በትናንሽ ሣጥኖች ተለይቶ ተቀምጦ እንደነበር ለማወቅ ተቻለ። እንጨቱ በስብሶ ጠፍቷል፤ ሣጥኑን የመለሰው የዕቃዎቹ ቦታ ነው። መዶሻው ሳይቀር ተገኝቶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በጀርመን አገር ኔብራ አቅራቢያ ሚተልበርግ በተባለ ኮረብታ ላይ ሁለት ሰዎች ያለ ፈቃድ ሲፈልጉ ተመሳሳይ ድምፅ ሰሙ። በችኮላ ቆፍረው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ፀሐይ ወይም ሙሉ ጨረቃ፣ ማጭድ የመሰለ ጨረቃና ከዋክብት በወርቅ የተለበጡበት የነሐስ ክብ አወጡ። መቆፈሪያቸው ጠርዙን ጎድቶታል፤ ጉዳቱ እስከ ዛሬ ይታያል። ከሰይፎችና ከመጥረቢያዎች ጋር ለነጋዴ ሸጡት። እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ፖሊስ በዘዴ እስኪያስመልሰው ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር ቆየ። በአፈሩ፣ በሜታሉና አብረውት በወጡት ሰይፎች ላይ በተደረገ ጥናት የተቀበረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ እንደሆነ ይታመናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት ሊቃውንት «ዕቃዎቹ አንድ ላይ መገኘታቸው በትክክል ስላልተረጋገጠ ክቡ አንድ ሺህ ዓመት ያህል የሚያንስ ሊሆን ይችላል» ሲሉ ተከራከሩ። ሌሎች ተመራማሪዎች ሰፊ ማስረጃ አቅርበው መልስ ሰጥተዋል። ይሁንና ክርክሩ ሊነሣ የቻለው ዕቃው ከምድር ሲወጣ የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው። ለአንድ ሰዓት ማስታወሻ ባለመያዙ ሊቃውንት ለዓመታት ደከሙ።

ድምፅን ወደ ካርታ

ሜታል ዲቴክተር በትክክል ከተሠራበት ለታሪክ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት በሊትል ቢግሆርን የጦር ሜዳ የተካሄደው ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1876 በሌተና ኮሎኔል ጆርጅ ከስተር የተመራ የፈረሰኛ ጦር ክፍል በላኮታና በሻየን ተዋጊዎች ተደመሰሰ። ከከስተር ጋር ከነበሩት ወታደሮች አንድም የተረፈ ስላልነበር የመጨረሻው ውጊያ እንዴት እንደተካሄደ ለመቶ ዓመት ሲያከራክር ኖረ። የላኮታና የሻየን ተዋጊዎች የነገሩትን ብዙዎች ለመስማት አልፈለጉም።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሜዳው ላይ እሳት ተነሥቶ ሣሩን አቃጠለው። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ዳግላስ ስኮትና ሪቻርድ ፎክስ የተባሉ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ሜታል ዲቴክተር የያዙ በጎ ፈቃደኞችን አሰልፈው ሜዳውን ፈተሹ። ሰዎቹ ጥቂት ሜትሮች እየተራራቁ በአንድ መስመር ይራመዳሉ። ድምፅ የሰማ ሰው አይቆፍርም፤ ቦታው ላይ ትንሽ ባንዲራ ተክሎ ያልፋል። ከኋላ የሚመጣው ቡድን በጥንቃቄ ይገልጠዋል፤ የቅየሳ ባለሙያዎችም ቦታውንና የጥይቱን አቅጣጫ ይመዘግባሉ። በዚህ ሁኔታ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀለሃዎች፣ አረሮች፣ ቁልፎችና ሌሎች ዕቃዎች ተሰበሰቡ።

ታላቁ ግኝት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ጠመንጃ በቀለሃው ላይ የሚተወው የመምቻ መርፌ ምልክት፣ እንደ ጣት አሻራ፣ ከሌላው ይለያል። ተመራማሪዎቹ ቀለሃዎቹን በማይክሮስኮፕ እያነጻጸሩ አንድ ጠመንጃ ከየት ተኩሶ ወዴት እንደተንቀሳቀሰ በካርታ ላይ ተከተሉት። ተዋጊዎቹ እንደ ሄንሪና ዊንቸስተር ያሉ ደጋግመው የሚተኩሱ ጠመንጃዎች በብዛት እንደነበሯቸው፣ ወታደሮቹ ግን በአንድ ጥይት የሚሠራ ስፕሪንግፊልድ መያዛቸው በግልጽ ታየ። ፎክስም ከቀለሃዎቹ አቀማመጥ ተነሥቶ የወታደሮቹ አሰላለፍ በሂደት እንደተበተነ ተከራከረ። ይህም የተዋጊዎቹን ቃል ከብዙ አቅጣጫ የሚደግፍ ሆነ።

እነዚያ በጎ ፈቃደኞች ቀጭን ድምፅ ብቻ እየመረጡ፣ ያገኙትንም በኪሳቸው እየከተቱ ቢሄዱ ኖሮ ዛሬ የሚቀረው የቀለሃ ክምር ብቻ በሆነ ነበር። ጎርናናውን ድምፅ ዝም ቢያሰኙት ደግሞ የብረት የቀስት ጫፎች በምድር ውስጥ ይቀሩ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህን ስናነብ ዓድዋን አለማሰብ አይቻልም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት በማርያም ሸዊቶ፣ በእንዳ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎቹም ኮረብታዎች ሥር ውጅግራው፣ ሰናድሩና ሌላውም ጠመንጃ የተኮሰባቸውን ቀለሃዎች በትኗል። ቬተርሊን የመሰለ ጠመንጃ በሁለቱም ወገን ስለነበረ፣ አንድ የቬተርሊ ቀለሃ ብቻውን ማን እንደተኮሰው አይናገርም። የወደቀበት ቦታ፣ በአጠገቡ ያሉት ሌሎች ቀለሃዎችና የመርፌው ምልክት አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ሊናገር ይችላል። እያንዳንዱ ለመታሰቢያ ተብሎ የተነሣ ቀለሃ ከዚህ ጽሑፍ የተገነጠለ አንድ ቃል ነው።

ሕጋችንም ይህን ይገነዘባል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ቅርስ ለመፈለግ መቆፈር አይችልም፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። ይህን የምንለው ወጣቶችን ለማስፈራራት ሳይሆን ሕጉ የሚጠብቀው ወርቁን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም መሆኑን ለማስገንዘብ ነው።

ከሕጉም የሚቀድም የሕይወት ጉዳይ አለ። በአገራችን ከ1928ቱ የኢጣሊያ ወረራ ዘመን አንሥቶ እስከ ቅርቡ የሰሜን ጦርነት ድረስ በተካሄዱ ውጊያዎች ያልፈነዱ ፈንጂዎችና ጥይቶች በየሜዳው ቀርተዋል። ሜታል ዲቴክተር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፖላንዱ መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ አሻሽሎ በሠራው ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1942 በኤል አላሜን በረሃ ፈንጂ ማምከኛ ሆኖ ያገለገለ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ፈንጂ የራሱ የሆነ ቃና የለውም። አንዳንዶቹ ፈንጂዎች ያላቸው ሜታል እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሚሰጡት ድምፅ ከትንሽ ሳንቲም ድምፅ አይለይም። ጦርነት ባለፈበት ቦታ ድምፅ ሰምቶ ዶማ ማንሣት የዕድል ጨዋታ ነው፤ ሽንፈቱም ሕይወትን ያስከፍላል።

ታዲያ መሣሪያውን የወደደ ተማሪ ምን ያድርግ? በግቢያችን ውስጥ ሊሠራ የሚችል ጥሩ ሥራ አለ። አንድ የአሸዋ ሜዳ በገመድ በካሬ ሜትር ይከፋፈል። አንዱ ቡድን ሳንቲም፣ ምስማር፣ ቆርኪ፣ የመዳብ ቀለበትና የአልሙኒየም ወረቀት በተለያየ ጥልቀት ቀብሮ ካርታውን ይደብቅ። ሌላው ቡድን ምንም ሳይቆፍር የእያንዳንዱን ድምፅ ቦታ፣ ቃናና ከሁለት አቅጣጫ የሰጠውን ምላሽ መዝግቦ የራሱን ካርታ ይሳል። ሁለቱ ካርታዎች ሲነጻጸሩ ስንቱ ቆርኪ ሳንቲም እንደተባለ፣ ስንቱ ሳንቲም በምስማር እንደተጋረደ ይታያል። ይህን ሙከራ ያደረገ ተማሪ ነገ በፈቃድ ለሚካሄድ ጥናት እውነተኛ ረዳት ይሆናል።

ወደ ሁለቱ ተማሪዎቻችን ስንመለስ፣ ያመጧቸውን ዕቃዎች ወደ ወረዳቸው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወስደው እንዲያስረክቡ መከርናቸው፤ እነርሱም ፈጸሙት። ተመልሰው ሲመጡ የተሞላውን ቅጽ ግልባጭ አሳዩን። የዕቃው ዓይነት፣ የአምጪው ስምና ቀኑ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ሠፍሯል። «የተገኘበት ትክክለኛ ቦታ» እና «ጥልቀት» በሚሉት ሁለት መስመሮች ላይ ግን አጭር ሰረዝ ተሠምሯል። አሁን ሁለቱም የአሸዋ ሜዳውን ገመድ እየወጠሩ ነው፤ ዶማቸውን መልሰው ማስታወሻ ደብተር ገዝተዋል። የፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን በሥራው ለመሳተፍ ለሚፈልግ ተማሪ ሁሉ በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል።